ዓይናዲስ ገብታለች ወይ?

ይህ ነገር የሆነበት ከተማ ስም አለው፤ እኔ ግን አልጠራውም። ስም ሲጠራ ምን እንደሚከተል እያያችሁት ትሄዳላችሁ። ባሕር አጠገብ ያለ ከተማ ነው ካልኩ ይበቃል። ማን ያውቃል፣ ይህንንም ማለት አልነበረብኝ ይሆናል።

እኔ ልጅ ሳለሁ የከተማው ሰው በሙሉ ከዓሣ ነበር የሚኖረው። የሚያጠምድ ያጠምዳል፣ የማያጠምድ መረብ ይጠግናል፣ መረብ መጠገን ያቃተው ዓሣ ያሰጣል ወይም በጭስ ያደርቃል። አንድ ቀን አዋጅ ነጋሪ መጣና፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ጀማሪ እንዲሆን ተወስኗል ብሎ ከበሮውን መትቶ ሄደ። ምን እንደምንጀምር አልነገረንም። መጠየቅም አልተለመደም። አባቴ መረቡን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሦስት ቀን አሰበና የሬዲዮ ክዳን መግጠም ጀመረ። ጎረቤታችን አባቴን አይቶ የሬዲዮ ክዳን መግጠም ጀመረ። በወሩ በእኛ ሰፈር ክዳን የማይገጥም ሰው አልነበረም። ሬዲዮ ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልተከታተልኩትም፤ ፈጥኖብኛል። ጠዋት ገበያ ወርጄ ከሰዓት ስመለስ የቤቴ መታጠፊያ ጠፍቶኝ ሰው የጠየቅሁበት ቀን አለ፤ በመሃሉ ፎቅ ቆሞበት ነበር። ዓሣ የምናሰጣበት ሜዳ ላይ የሆድ ዕቃ ገበያ ተሠራ። የመሣሪያ ሆድ ዕቃ ነው የምላችሁ። ባለ አራት ፎቅ ነው፤ በአንደኛው ሽቦ፣ በሁለተኛው የሚያይ ብርጭቆ፣ በሦስተኛው የሚሰማ ጆሮ ይሸጣል። በአራተኛው ምን እንደሚሸጥ ሻጮቹም አያውቁትም፤ ግን ቶሎ ያልቃል።

በእኛ ከተማ መቅዳት ነውር አይደለም። ነውሩ አለመቀዳት ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሠርቶ ሲያወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ጎረቤቶቹ ያንኑ ሠርተው ካላወጡ ዘመድ ተሰብስቦ ያጽናናዋል። አቀዳዱ ግን ሕግ አለው፤ ከእናቱ የተለየ ቅጂ ውሸት ነው ይላል ሕጉ። ይህን የሚጠብቅ የቅጂ ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለ፤ አጉሊ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። አንዴ አንድ ሰው የውኃ ማፍያ ሠርቶ ቀለሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ነካው። ዛሬ በአገሩ ያለ የውኃ ማፍያ ሁሉ ጎኑ ላይ የዚያ ሰው አውራ ጣት አለበት። ሰውየው ከሞተ ቆይቷል። እኔ ቤትም አለ፤ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ ዓይናዲስ ትባላለች። አባቷ ከመጨረሻዎቹ ዓሣ አጥማጆች አንዱ ነበር፤ አንድ ማታ ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሆዴ አብሮ ያዘቀዝቃል። ልጅቷ ገና ስታድግ የላላ ብሎን አይታ ማለፍ አትችልም ነበር። የአውራ ጣቷን ጥፍር ለዚሁ ብላ አሳድጋዋለች። በለቅሶ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉ እጇ ወንበሩ ሥር ገብቶ ብሎን ሲያጠብቅ ይዣት አውቃለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች፣ እኔም እዚያው ነው ያቆምኩት፣ የሆድ ዕቃ ገበያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዛ ጀማሪ ሆነች።

የጀማሪ ሥራ ከዶሮ ጩኸት እስከ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ስድስት ቀን። በወረቀት የተጻፈ አይደለም። ወደ ቤት የሚኬድበት ሰዓት ተወስኖ ስለማያውቅ፣ ቀድሞ የሚነሣው ማን እንደሆነም ስለማይታወቅ፣ ማንም አይነሣም። ስለዚህ በየማታው በር ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ሁሉ፣ «ዓይናዲስን አያችሁልኝ? ዓይናዲስ ገብታለች ወይ?» እል ነበር። የገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሜ መግባቷን ሌላ ሰው መጠየቄ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ፈርቼ ወደ ውስጥ ዞሬ አላይም።

ግድግዳ የምንጋራው ከወይዘሮ የሻረግ ጋር ነው። እሷም ቢያድግልኝ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ጃንጥላ ነው የጀመረው። በየመንገዱ ጥግ ጃንጥላ አቆመ፤ ዝናብ የመጣበት ሰው ያነሣና የደረሰበት ትቶት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን አርባ ሰዎች ይህንኑ አወጡ። በዚያ ክረምት በከተማው ከሰው ጃንጥላ በለጠ፤ በር መክፈት አቃተን። ትርፉን ከከተማ ውጪ ወስደው ቆለሉት፤ አሁን ትልቅ ኮረብታ ሆኖ ነፋስ ሲነሣ ያጨበጭባል። ቢያድግልኝ ስሙ በየቦታው ተጠራ። ከዚያ የዕረፍት ሹም መጣ።

ይህንን ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ከተማ ስሙ በጣም የተጠራ ሰው ደክሞታል ተብሎ ይታሰባል። የዕረፍት ሹም ትራስ በብብቱ ይዞ የሚሄድ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ቤት ገብቶ ይቀመጥና «ደክሞሃል» ይላል። አልደከመኝም ማለት ድካሙ እንደባሰ ያሳያል። ከዚያ አብረው ይሄዳሉ። ወዴት እንደሆነ አይጠየቅም፤ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም ነው ወጉ። በወሩ የሚመለስ አለ፣ በዓመቱ የሚመለስ አለ። ቢያድግልኝ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። የሻረግ ስለ እሱ አታነሣም። ሰው ካነሣባት፣ «ያርፋል፤ ልጅ ሆኖም እንቅልፍ ይወድ ነበር» ትልና ወሬውን ወደ ጎመን ትመልሰዋለች።

እንግዲህ አንድ ቀን ዓይናዲስ ሻይዋን ቆማ እየጠጣች፣ «እማ፣ ሰፈሩን በጥያቄ ጨረስሽው እኮ» አለችኝ። «ወይዘሮ የሻረግ መስኮቷን የምትዘጋው ብርድ ፈርታ ይመስልሻል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? ካልጠየቅሁ የሆነ ነገር የምትሆኚ ይመስለኛል።»

«ከጠየቅሽ አልሆንም?»

«እስካሁን አልሆንሽም።»

ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን አሰበች፤ እኔ የምፈራው ይህንን ነው። «በቃ፣ የሚጠይቅልሽ እሠራለሁ» አለች።

የሠራችው ሁለት ሣጥን ነው። አንዱን እናት ሣጥን አለችው፤ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሌላውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ጀምበር ስትጠልቅ የእኔው ሣጥን በእኔው ድምፅ ይጠይቃል፤ የእሷም ተቀብሎ ይጠይቃታል። እሷ ሰምታ ትመጣለች። በሩን ስታልፍ እኔ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብዬ «ገብታለች፣ ተመስገን» እላለሁ፤ ሁለቱም ያንኑ ብለው ዝም ይላሉ። ድምፄን ስትቀዳ ስሟን ጠርቼ መሃል ላይ አሳለኝ፤ የድሮው የዓሣ ጭስ ደረቴ ውስጥ ቀርቷል። ደግመን ሞከርን፤ ደግሞ አሳለኝ። «ተይው፣ እንዲያውም አንቺን መሰለ» አለች። እናም ሣጥኑ፣ «ዓይናዲስ… እህ… ገብታለች ወይ?» ይል ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለሁለት ሳምንት ሰላም አገኘሁ። ሰላም ሳገኝ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው እላለሁ። መጣም።

ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ሣጥን አጠገቧ የሚሠሩት አዩት። በሦስተኛው ቀን የሆድ ዕቃ ገበያ ሦስተኛ ፎቅ በሙሉ ያንን ሣጥን እየሸጠ ነበር። ዓይናዲስ ሮጣ ሄዳ ስሙን እንኳ አውጡት፣ እያንዳንዱ እናት የራሷን ልጅ ስም ታስገባበት ብላ ለመነቻቸው። የቅጂ ሹም አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ሣጥኑን አገላበጠና፣ ስሙ ከወጣ ውሸት ይሆናል አለ። ሳሉም አይወጣም። ቅጂዎቹ የተቀዱት ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ሣጥን ስለሆነ ሁሉም የሚሰሙት እኔ መደርደሪያ ላይ ያለውን እናት ሣጥን ነው። ስለዚህ በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጠረጴዛው ጀምበር ስትጠልቅ የእኔ ድምፅ ልጄን ይጠይቅ ጀመር።

ሰው ይመልሰዋል ብዬ ነበር። አልመለሰም። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ሁለት ገዝታ ስትሄድ አይቼ፣ እመቤት፣ ይህ እኮ የእኔን ልጅ ነው የሚጠይቀው አልኳት። «ስሙ የእርስዎ ይሁን፤ ጭንቀቱ የእኔም ነው» ብላኝ ሄደች። ይህን አሁንም ድረስ በደንብ አልገባኝም።

ከዚያ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው። እኔ ማታ «ገብታለች፣ ተመስገን» ስል በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ሰው ቀና ብሎ ተያየ። ዓይናዲስ ከገባች እኛስ ለምን እንቀመጣለን አለ አንዱ። ተነሡ። በሁለተኛው ማታ የሌላው ፋብሪካ ሰዎች ተነሡ። በወሩ የከተማው ሰው በሙሉ ዓይናዲስ ስትገባ የሚገባ ሆነ። እኔ ምንም አልወሰንኩም። ሰላምታ ሰጥቶኝ የማያውቅ ሰው ሁሉ በመንገድ ላይ ባርኔጣውን ያነሣልኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ቀብር ያለ መስሎኝ በየጊዜው ዞሬ አያለሁ።

አንድ ጠዋት የፍጥነት ሹም መጣ። ይህ ሹም እየሮጠ ስለሚኖር ፊቱን ያየ ሰው የለም ይባል ነበር። እኛ ቤት ግን ቆመ። ዓይናዲስን፣ አገሩ ከአንቺ ጋር ይገባል፣ አንቺ አንድ ሰዓት ዘግይተሽ ከገባሽ አገሩ አንድ ሰዓት ያድጋል አላት። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ እያለከለከ ስለሆነ አዘንኩለት። ዓይናዲስ አንድ ሰዓት ዘገየች። ዕድገቱ በጋዜጣ ወጣ። ሁለት ሰዓት ዘገየች። ሦስት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእሷ መግቢያ ሰዓትና የአገሩ ዕድገት ጎን ለጎን ይጻፍ ጀመር። ልጄ ግን ፊቷ ወረቀት መሰለ፤ ሳጎርሳት ከጉርሻው ጋር ታንቀላፋለች።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልደብቀው አልችልም። አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ዓይናዲስ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት ገባች። እኔ ልጄን ስላየሁ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ የለመደ አፌ ወደ ሣጥኑ ዞረ። «ገብታለች፣ ተመስገን» አልኩ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከዚያ እግር ተሰማ፤ የመቶ ሺህ ሰው እግር። በቀን ብርሃን ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፀሐዩን ምን እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ሰዎች እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ልጆቻቸውን በብርሃን ያዩ አባቶች ልጆቹ እንዲህ ትልልቅ መሆናቸው ገርሟቸዋል። ዓይናዲስ መስኮቱ ጋ ሄዳ አየችና ትኩሳቷ እንዳለ ተቀመጠች።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«መግባትሽን ነው የተናገርኩት።»

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያ የጠረጴዛውን ብሎን በጥፍሯ ስታጠብቅ አመሸች።

በማግሥቱ የዕረፍት ሹም ትራሱን ይዞ መጣ። ትራሱ ንጹሕ ነበር፤ ዳሩ ላይ አበባ ተጠልፎበታል። ሻይ አቀረብኩለት፤ ጠጣ። ከዚያ ለስለስ ብሎ «ደክሞሻል» አላት። እሷም ትኩሳት ስለያዛት አልደከመኝም ማለት አልቻለችም። ወጥታ ስትሄድ ዞራ፣ ሣጥኑ ላይ ነጠላ አትጣይበት፣ ይሞቃል አለችኝ። ጎረቤቶች በር በራቸው ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። የሻረግ መስኮቷን ዘጋች።

የዚያን ዕለት ጀምበር ስትጠልቅ ሣጥኑ፣ «ዓይናዲስ… እህ… ገብታለች ወይ?» አለ። የሚመልስለት አልነበረም። በየፋብሪካው፣ በየቢሮው ጠየቀ። አልገባችም። ስለዚህ ማንም አልገባም።

ለምን ዝም ብለው ተነሥተው አልሄዱም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ኋላ ጠይቄአለሁ። ሁሉም፣ ሌላው ሲነሣ ልነሣ ነበር አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ባለሥልጣኖቹ በጣም ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ዕድገት ታይቶ አይታወቅም ተባለ፤ የፍጥነት ሹም የምስጋና ወረቀት ላከልኝ። በሁለተኛው ቀን ሰው ጠረጴዛው ላይ እያንቀላፋ ይሠራል አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሬዲዮ ፋብሪካ ሬዲዮ እየተባለ የወጣው ነገር ውስጡ የሰው ምሳ ነበረበት፤ የቅጂ ሹም ግን አይቶ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ትክክል ነው አለ። በአራተኛው ቀን የፍጥነት ሹም ራሱ ደረጃ ላይ ቆሞ እንቅልፍ ወሰደው። ፊቱን ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አየው፤ ተራ ፊት ነው አሉ። ሰዉን ወደ ቤት የሚልክ ሹም ተፈለገ። መዝገብ ተገለበጠ፤ እንዲህ ያለ ሹመት ኖሮ አያውቅም። ሣጥኖቹን ሰብስቦ ማጥፋትም ታስቦ ነበር፤ የአገር ኩራት ተብለው ስለታወጁ ለማጥፋት የሚፈርመው የፍጥነት ሹም ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቷል።

ስለዚህ የዕረፍት ሹም እኔ ዘንድ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ትራሱን አልያዘም። የቅጂ ሹምንና አንዲት ተዋናይ አስከትሎ ነበር። ተዋናይዋ ወደ ሣጥኑ ጠጋ ብላ በእኔ ድምፅ «ገብታለች፣ ተመስገን» አለች። ደነገጥኩ፤ እኔው ነኝ። ሣጥኑ ግን ትንሽ ዝም ካለ በኋላ መልሶ ጠየቃት። ደግማ አለች። ደግሞ ጠየቃት። የቅጂ ሹም አጉሊ መነጽሩን ጉሮሮዋ ላይ አድርጎ አይቶ፣ ጭሱ የለባትም፣ ውሸት ነው አለ። ሴትየዋ እያለቀሰች ሄደች።

«እናታችን» አለ የዕረፍት ሹም፣ «አንድ ቃል ነው።»

«ልጄ ትግባና እላለሁ ጌታዬ።»

«መጀመሪያ ይበሉ፤ ከዚያ ትገባለች። እያረፈች ነው።»

«እንግዲያው ስትነቃ እጠብቃለሁ።»

ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ነው ይህን ያልኩት። ካልኩ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ ካላልኩ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ነገ ጠዋት ድረስ ያስቡበት ብሎ ሄደ።

እሱ እንደሄደ አንዲት ሠራተኛ በር ላይ መጣች። ከፋብሪካ ውኃ ልቅዳ ብላ ነው የወጣችው፤ ባልዲው በእጇ ነው። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «እናቴ፣ ሕፃን አለኝ» አለችኝ። «አራት ቀን አላየሁትም። ጡቴ ደረቀ። ይበሉልን።»

የእኔን ልጅ ስፈልግ የሰውን ልጅ ከእናቱ አገድኩ አልኩ። ለሁሉም የከፋውን የማስበው እኔ፣ ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ሂጂ ልጄ፣ እላለሁ አልኳት። ገብቼ ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ቆዪ» አለ ድምፅ ከኋላዬ።

የሻረግ ናት። በአራት ዓመት ውስጥ ሳትጠራ ቤቴ ገብታ አታውቅም። እጇ ላይ ግማሽ የተከተፈ ጎመን አለ፤ ቢላዋውንም ይዛ ነው የመጣችው።

«እኔ ዘንድም መጥተው ነበር» አለች። «ሰው እንዳይጨነቅ አንድ ቃል በይ አሉኝ። ያርፋል በይ አሉኝ።»

«ታዲያስ?»

«በመጀመሪያው ቀን አልኩ።»

ጎመኗን ይዛ ተመልሳ ሄደች። እኔ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥቼ ሠራተኛዋን ተከትዬ ጠራኋትና፣ ልጅሽ የት ነው ያለው አልኳት። ሕፃኑን ከአክስቷ ቤት አምጥቼ፣ አዝዬ፣ ፋብሪካው አጥር ድረስ ወስጄ ሰጠኋት። በአጥሩ ሽቦ መሃል አጠባችው። ይህን ያዩ ሌሎች እናቶች ለእኛስ አሉኝ። እስኪመሽ አሥራ አንድ ሕፃን ተሸከምኩ። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ከመቆም ይሻላል ብዬ ነው።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ዓይናዲስን አመጧት።

ፀጉሯ ተበጥሯል። ትኩሳቷ ጠፍቷል። ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያስቀመጧት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የዕረፍት ሹም ግራዋ፣ የቅጂ ሹም ቀኟ ቆመዋል። በር ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል፤ ወግ ስለሆነ ሰማዩን ያያሉ፣ ጆሯቸው ግን እኛ ዘንድ ነው።

«ልጄ» አልኳት።

«በደንብ አረፍኩ፣ እናቴ» አለች።

እናቴ ብላኝ አታውቅም። እማ ነው የምትለኝ።

«በልተሻል?»

«በደንብ በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

የዕረፍት ሹም ጫማውን አየ። ዓይናዲስ ትንሽ አሰበችና፣ «በደንብ» አለች።

«እንግዲህ እናታችን፣ ይኸው» አለ የዕረፍት ሹም። «ገብታለች አይደል?»

አየኋት። ፊቷ የእሷ ነው። ግንባሯ ላይ ልጅ ሆና የወደቀችበት ጠባሳ አለ። የሆድ ዕቃ ገበያ ያለበት ከተማ ኗሪ ነኝና የመጣብኝ ሐሳብ አስፈራኝ፤ በዚህ ከተማ የማይቀዳ ነገር ምን አለ? ሣጥኑ ደግሞ የተነገረውን ብቻ ነው የሚያውቀው። የማያውቁትን ገብቷል ማለት ውሸት ነው፤ የገባችን ልጅ አልገባችም ማለት ደግሞ ክፋት ነው። በመንገዱ ማዶ ከተማው በሙሉ ነቅቶ ይጠብቃል።

«ተቀምጣለች» አልኩ። «መግባቷን ልይ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እኔም አላውቀውም ጌታዬ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ምን እንደማደርግ ስላጣሁ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። ሰው ቤት ሲመጣ የማውቀው ይህንን ብቻ ነው። የዚያ የሞተ ሰው አውራ ጣት ያለበትን ማፍያ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከዓይናዲስ ፊት አኖርኩት። ጨርቁን አነሣሁና ሽቦውን ሰካሁ። ማፍያው ሲሞቅ እጀታው መንገዳገድ ጀመረ፤ የላላ ነው፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ያጠበቀው የለም። ኪር፣ ኪር፣ ኪር ይላል።

ዓይናዲስ ፊት ለፊት ታያለች። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ቀኝ እጇ ግን ከጉልበቷ ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ ባለቤቱ እንዳይሰማ እንደሚሄድ ድመት፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የአውራ ጣቷን ጥፍር ቆርጠውታል። ጥፍር በሌለው ጣቷ ብሎኗን ፈልጋ አገኘችና ትጫናት ጀመር። አልዞረችላትም። ደግማ ተጫነች። ከንፈሯን ነከሰች።

«እማ፣ ቢላዋ አቀብይኝ» አለች።

ሣጥኑ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። «ገብታለች» አልኩ፤ አሳለኝ፤ «ተመስገን» አልኩ።

በየቤቱ፣ በየጠረጴዛው ያ ሳል ተሰማ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ የማይቆጠር። ከተማው ወደ ቤቱ ሄደ። ከፋብሪካው በር የወጡት ሴቶች እየሮጡ ነበር። ሹሞቹ ትንሽ ቆመው ተያዩ። እነሱም አምስት ቀን አልገቡም ኖሮ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ። በር ላይ የነበሩትም ሰማዩን ማየት ትተው ተበተኑ።

የሻረግ ብቻ ቀረች። መግቢያው ላይ ቆማለች፤ ጎመኑም ቢላዋውም የለም፣ ባዶ እጇን ነው። ወደ መደርደሪያው ታያለች። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ ወጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ዓይናዲስ ከማፍያው ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ሕግ መሆኑንም ሕግ መጣሱንም አላውቅም፤ ነገ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ ከሁሉም የከፋውን ነው የማስበው። ሣጥኑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከብዶኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና፣ ቢያድግልኝን እንድትጠይቅበት፣ ወደ የሻረግ ገፋሁላት።